ውሃው ባለበት ድንበሬ ነው

ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች የኛን ወንዝ አያውቁትም። የኛ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ ሰምጦ የሚቀር ነው። እስከ መጨረሻው ሄጄ አላየሁም፤ ግን ግማሽ መንገድ ተከትዬዋለሁ፣ ቀሪውን የዚያ አገር ሰዎች ነግረውኛል። ሲነግሩኝ አልገረመኝም። ከኛ ሰፈር ያን ሁሉ አፈር ይዞ የሄደ ወንዝ የትም አለመድረሱ ሲያንሰው ነው።

ላይ፣ ከእንጦጦና ከወጨጫ በኩል ሲነሳ ቀጭን ነው። ግራና ቀኝ ገደል ይዞታል፤ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ይወርዳል፣ ይጮኻል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ከተማውን አቋርጦ ወደኛ ሜዳ፣ ወደ ላፍቶና ለቡ ሲደርስ ገደሉ ይለቀዋል። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ወንዝ እንደ ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው። ይጠማዘዛል፣ ይዞራል፣ አንዱን ዳር ይበላና የበላውን ትንሽ ዝቅ ብሎ በሌላው ዳር ይተፋል። ከኛ ሲያልፍ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ ይተኛል፣ ከዚያ አዋሽ ውስጥ ገብቶ ስሙንም ያጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንድ ቦታ እንኳ በአንድ መልክ አይቆይም። ሰው እንዲህ ቢሆን እናቱም አታምነውም።

ዛሬ የታክሲ ረዳቶች «ለቡ፣ ለቡ» እያሉ የሚጣሩበት አካባቢ ያኔ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር መሬት ነበር። አባቴ ጭሰኛ አልነበረም። ትንሽ ብትሆንም የራሱ መሬት ነበረችው፤ በዚህ ይኮራ ነበር፣ ኩራቱም ከመሬቱ ይሰፋ ነበር። መሬቱ ወንዙን ተጎራብቶ ነበር። ከማዶ ደግሞ ሌላ ገበሬ አለ፣ በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት የሚያንስ፣ ቁጥብ፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ ሰው። እኛ ቤት ስሙ አይጠራም፣ «የማዶው ሰውዬ» ነበር የምንለው።

በኛ አገር ወንዝ ዳር ያለ መሬት ሁሉ ድንበሩ ውሃው ነው። ድንጋይ አይተከልም። ሁለት ሰዎች በወንዝ የተነሳ ሲጣሉ ሽማግሌዎች ውሃው ዳር ያቆሟቸዋል፣ እርጥብ ሣር ያስጨብጧቸዋል። ሣሩን ወደ ውሃው እየጣሉ «ውሃው ባለበት ድንበሬ ነው፤ የሰጠኝን እበላለሁ፣ የወሰደብኝን አልከተልም» ብለው ይምላሉ። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ቢገፋም ቢሸሽም ክስ የለም። ወንዙን በድንጋይ መመለስ፣ በግንድ መከተር፣ ዳሩን በዛፍ መያዝም ክልክል ነው። ውሃ የመለሰ ሰው ድንበር እንደ ገፋ ተቆጥሮ ይረገማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጥበብ ይመስለዋል። እኔ ግን በየዓመቱ መሰብሰብ የሰለቻቸው ሽማግሌዎች ያመጡት ይመስለኛል። እነሱ መፍረድ ሲሰለቻቸው ውሃው ይፍረድ አሉ።

አባቴና የማዶው ሰውዬ የማሉት እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ወንዙ ለኛ ያዳላ ነበር። በኛ በኩል መሬቱን በሦስት ጎን ዞሮ ያቅፈዋል፤ ከቤታችን ወደ ማዶ የተዘረጋ ምላስ የመሰለ መሬት አበጅቶልን ነበር፣ ስሙም «ምላሱ» ነበር። በየክረምቱ ውሃው የማዶውን ገደል ይንዳል፣ የናደውን አፈር ደግሞ በምላሱ ጫፍ ላይ እያመጣ ይከምራል። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እጅ ሲነክሩበት የሚሞቅ ደለል። ድሮ ውሃ ዳር የነበረች አንዲት ሾላ ነበረች፤ እያደር ውሃው ሲርቃት ምላሱ መሀል ቆማ ቀረች። ሰውየው መጀመሪያ የነጭ ሽንኩርት መደቡ ሄደበት፣ ቀጥሎ ጌሾው። አቤት ሲል ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሣር ተጣለ፣ ሁለቱም ማሉ። ሰውየው የማለው ሌላ መውጫ ስላጣ ነው። አባቴ ግን ደስ እያለው ነው የማለው፤ ሲነጋ የሚጨምር መሬት ማን ይጠላል? በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። የማዶው ሰውዬ ከዚያ በኋላ ዓመት ከዓመት መሬቱ ሲናድ እያየ አንዲት ድንጋይ አላስቀመጠም። ይህን መካድ አልችልም፣ ብችል ደስ ባለኝ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ባሌን ትቼ አባቴ ቤት ተመለስኩ። የሚማታ ሰው ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምጨምረው የለኝም። አባቴ ተመለሺ አላለኝም፣ ሽማግሌም አልላከብኝም። ለዚህ አመሰግነው ነበር። መሬቱን ለወንድሞቼ ቀደም ብሎ አካፍሎ ነበርና የቀረችው ያቺ ምላስ ናት። ወንድሞቼ ባሉበት ወደዚያ በእጁ እያመለከተ «ያቺ ያንቺ ናት፤ ቆፍረሽ ብዪ» አለኝ።

«ያንቺ ናት» የሚለውን ቃል የሰማሁት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ባሌ ቤት ድስቱ እንኳ የእናቱ ነበር። ስለዚህ ቆፈርኩ። በበሬ አይደለም፣ በሬ ለወንድሞቼ ነው፤ በዶማ። ከበረት ፍግ በቅርጫት እየተሸከምኩ አፈሰስኩበት፤ ከየጎረቤቱ አመድ ለምኜ በተንኩ። በጋውን ከወንዙ በባልዲ እየቀዳሁ አጠጣሁ። ጎመን፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት አወጣሁ፤ ሳሪስና ቄራ ድረስ አህያ ጭኜ ወስጄ ሸጥኩ። የኔን ጎመን የቀመሱ ሴቶች በሌላ ቀን «ያቺ የወንዝ ዳሯ መጣች?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። በገዛ እጄ ባገኘሁት ጫማ ገዛሁ፣ የቤቱን ጣራ ሣር አስለወጥኩ። ወንድሞቼ ጨው ሲያልቅባቸው ወደኔ ይልኩ ጀመር። ይህ ሁሉ የሆነው በዚያች ምላስ ነው።

ግን ወንዙ ጫፉን እያሰፋ አንገቱን ያቀጥን ነበር። ምላሱ ከኛ መሬት ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ፣ ከላይ የሚመጣው ውሃ በአንድ ጎን ይልሰዋል፣ ዞሮ የሚመለሰው ደግሞ በሌላው። መጀመሪያ ስመጣ አህያዬን አስከትዬ፣ ከጎኔ ሰው እያወራኝ የማልፍበት ነበር። በኋላ አህያዋን ማስቀደም ግድ ሆነ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲስቅ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። በጫፍ በኩል አፈር እየሰጠ ያስቀኛል፣ በአንገት በኩል ይበላኛል።

አንድ ቀን ለአባቴ ነገርኩት። ድንጋይ እንከምር፣ ዳሩ ላይ ሸምበቆ ልትከልበት፣ ክረምቱ ሳይገባ አንገቱን እናድነው አልኩ። ከበረቱ በር ላይ ተቀምጦ ጅራፍ እየገመደ ነበር። ቀና ሳይል ውሃ አይመለስም አለኝ። ድንጋዩን እኔው እሸከማለሁ፣ እርስዎ አይንኩት ስለው እንኳ፣ በኔ መሬት ላይ የኔ ልጅ ያስቀመጠችው ድንጋይ የኔ ድንጋይ ነው አለ። በዚያች ቅጽበት መሬቱ የሱ ሆኖ እንደነበር ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። የኔ የሚሆነው ፍግ ስሸከም ብቻ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ፣ ከቡሄ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው። እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም። ላይ ዘንቦ ነው፤ ለኛ የደረሰን ጩኸቱና ውሃው ነው። ስንወጣ ወንዙ ቀይ ሆኖ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እየተንከባለለበት ይመጣል። ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ቆመ። መጀመሪያ አንገቱ ላይ ስስ ውሃ ተሻገረ፣ እግር እንኳ የማያርስ። ያ ስስ ውሃ መንገድ አገኘ። ከዚያ ሣሩን ገለጠው፣ አፈሩን ጠረገው፣ እያየሁት ጎድጉዶ ገባ። ዶማዬን ይዤ ወደዚያ ስሮጥ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ለነፍሴ ፈርቶ ይሆናል። ለመሐላው ፈርቶ እንደሆነም እንጃ። ጀንበር ሳትጠልቅ ወንዙ ቀጥ ብሎ በአንገቱ ላይ ይሄድ ነበር። ምላሱን ዞሮ የሚሄደው አሮጌ መንገዱ ውሃ ቋጥሮ ቀረ።

አትክልቴን ጎርፉ አልነካውም። እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ጠርጎ ወስዶት ቢሆን አልቅሼ እተወው ነበር። ጎመኑ እንዳለ ቆሟል፣ የድንቹ አበባ እንኳ አልረገፈም፤ ብቻ አሁን ከወንዙ ወዲያ ነው። ውሃው ባለበት ድንበሬ ነው።

መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ሽማግሌዎች ወንዙ ዳር ተቀመጡ። የሚከራከር ስላልነበረ የተቀመጡት ለወጉ ያህል ነው። አባቴ መሐላዬን አውቃለሁ አለ፤ የማዶው ሰውዬም መፋቂያውን ያላምጣል። ሊመርቁ ሲነሱ ከኋላ ከሴቶቹ መሀል ወጥቼ ቆምኩ። አንደኛው ሽማግሌ ልጅህን አስቀምጣት አለው። አልተቀመጥኩም።

«እኔ ሣር አልጣልኩም፣ አልማልኩም» አልኩ። «ቢሆንም መሐላው ይፍረስ አላልኩም። ሾላዋ ድሮ ውሃ ዳር እንደነበረች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሾላዋ ወዲያ ያለው ወንዙ ከማዶው አያ የወሰደው ነው፤ ይውሰዱት፣ ሲያንሳቸው ነው። ከሾላዋ ወዲህ ያለውን ግን ማንም ከማንም አልወሰደውም። እሱን ለኔ ይተዉልኝ። አፈሩን ወንዙ ሰጠ እንበል፤ ፍጉን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሴት ልጅ በድንበር ነገር ስትናገር ሰምተው አያውቁም፤ መቆጣትም መሳቅም አልሆነላቸውም። በመጨረሻ የማዶው ሰውዬ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«የልጅቷ ነገር ክፋት የለውም» አለ። «የኔ የነበረው ከተመለሰልኝ ይበቃኛል። ከሾላዋ ወዲህ እኔም አላረስኩም፣ አባቴም አላረሰም። እሱ እሺ ካለ እኔ እሺ ብያለሁ።»

ይህን ጆሮዬ ሰምቷል። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል። የተጎዳው ሰው፣ ያን ሁሉ ዓመት መሬቱ ሲናድ ያየው ሰው፣ እሺ አለ። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። የሚጠበቅበት አንዲት ቃል ነበረች።

«ሲሰጠኝ በልቻለሁ» አለ አባቴ። «ሲወስድብኝ ሴት ልጄን አስነስቼ አላስለምንም። ቃሌን በጎመን አልለውጥም።»

ልጅህን አስቀምጣት ያለው ሽማግሌ ተነስቶ ትከሻውን ሳመው። ወንድ ማለት ይህ ነው ተባለ። ምርቃቱ ተመረቀ፣ ሁሉም ልብሱን አራግፎ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሱ ቃል ከአፉ ወጣ፣ አፋፉ ላይ የቀረሁት ግን እኔ ነኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላው እየተከተልኩ ጠየቅሁት።

«አባባ፣ መሬቱ የማን ነበር?»

«የወንዙ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ያንቺ ናት አሉኝ?»

ቤት ስንደርስ ቤቴ አለልሽ፣ እንጀራ አላጣሽም አለኝ። ስለ እንጀራ መች ተናገርኩ። ሰው በሰው ቤት እንጀራ ይበላል፣ በባሌም ቤት እበላ ነበር። እንጀራ ሌላ ነው፣ ያንቺ ነው ተብሎ የተሰጠ ነገር ሌላ ነው። ይህን ልዩነት አባቴ አላጣውም፤ ዕድሜ ልኩን የማንም ጭሰኛ አይደለሁም እያለ የኖረ ሰው ነው።

የማዶው ሰውዬ የዘራሽውን ሰብስቢ ብሎ ላከብኝ። ተሻግሬ ድንቹን ቆፈርኩ፤ ጆንያውን እሱ ራሱ እስከ ውሃው ተሸከመልኝ። ከፈለግሽ በእኩል እያረስሽ ኑሪ፣ ግማሹ ያንቺ ግማሹ የኔ አለኝ። በደግነት ነው ያለው። በገዛ ፍጌ ላይ እኩል አራሽ አልሆንም አልኩት። ልጠላው በጣም ፈልጌ ነበር፣ እሱ ላይ ቢሆን ቁጣዬ ማረፊያ ያገኝ ነበር። ጠላት ለመሆን እንኳ አልተመቸኝም።

አባቴ ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ትልቅ ሰው ሆነ። ከለቡ እስከ ፉሪ ድንበር የተጣላ ሁሉ እሱ ካልተቀመጠ ይል ጀመር። ቃሉን በጎመን ያልለወጠው ሰውዬ እየተባለ ተወራለት። በየድግሱ ይህ ነገር ሲወራ እኔ ወጥ እያወጣሁ እሰማለሁ፤ ወንዙ አለበት፣ መሐላው አለበት፣ ጎመኑ እንኳ አለበት። እኔ የለሁበትም። በኔ መሬት ክብር ገዛ፤ ከክብሩ ግን አልቆረሰልኝም።

ለአዋሽ የጥጥ እርሻ ሠራተኞች ወጥ ሠሪ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። እዚያ ነው ወንዙን እንደገና ያገኘሁት። ሰፍቷል፣ ከብዷል፣ አይጮኽም፤ የሚሄድ መሆኑን ለማወቅ ጭራሮ መጣል ያስፈልጋል። ቀለሙ ግን ያው የኛ አፈር ቀለም ነው። ሜዳው ላይ ወንዙ የተዋቸው አሮጌ ጥምዞች በየቦታው ሸምበቆ አብቅለው ተኝተዋል። እያንዳንዳቸውን ሳይ የማን ምላስ ነበረ እላለሁ። ግመል የሚጠብቅ አንድ የአፋር ሰው ወተት ያመጣልን ነበር፣ አማርኛም ይሞክራል። ውሃው ከዚህ ወዴት ነው የሚሄደው ብዬ ጠየቅሁት። በረሃ ገብቶ ሐይቅ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ጨው ነው አለኝ። ባሕሩስ ስለው ሳቀና ባሕር ሩቅ ነው፣ ወንዙ ይደክመዋል አለ።

ይደክመዋል። ሰው ለወንዝ ያዝናል። አገሬውን ሁሉ ሲገፍፍ መጥቶ ደከመው ተብሎ ይታዘንለታል። ያን ቀን የሠራተኞቹን ምሳ አሳርሬ ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ፤ ምክንያቱን ብነግረው አይገባውም ነበር። ወንዙስ ወንዝ ነው፣ መሐላ የለበትም፣ ልጅ የለውም። የሰፋ መሬት ሲያገኝ ይሰፋል፣ የጠበበ ሲያገኝ ይጠባል። ሰው ግን እሺ ማለት ይችላል። አንዲት ቃል ናት።

አባቴ የሞተው ስልሳዎቹ ሲገቡ ነው። መልእክቱ ደርሶኝ በጭነት መኪና መጣሁ፤ ቀብሩ ላይ ደረስኩ። እንዲህ ያለ ሕዝብ በኛ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም፣ እስከ ፉሪ ድረስ ያሉ ሽማግሌዎች ሁሉ መጥተዋል። የአባቴ ልጅ ነኝና አለቀስኩ፣ አልዋሽም፤ ቤቱን ክፍት አድርጎ የተቀበለኝን ቀን አስቤ አለቀስኩ። ወንድሞቼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ቆምን። በተራ በተራ እየወጡ አወደሱት። በመጨረሻ የማዶው ሰውዬ ዱላውን ተመርኩዞ መሀል ገባ። አርጅቷል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ወንዙ ለኔ ሲያደላ አይቶ ያልጮኸ፣ ለሱ ሲያደላም አይቶ ያልሳቀ ሰው ነው አለ። ሰው አለቀሰ። ከዚያ እጁን ወደ ሬሳው ዘርግቶ፣

«ማንንም ሳይበድል ያለፈ ሰው» አለ።

«እኔስ?» አልኩ።

ጮኼ አልተናገርኩም፣ ግን ሙሾ አውራጇ እንኳ ሰማችኝ። ወንድሞቼ ዞረው አዩኝ። የማዶው ሰውዬ መሬት መሬቱን አየ። ቄሱ ጸሎቱን ቀጠሉ፣ አፈሩ ተመለሰ። እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።